ከድቡ ይልቅ ከሰሉን ፍሩት! ቤታቸውን በጎማ ላይ አድርገው ለሚኖሩ (እና ቤት ውስጥ ከሰል ለምታነዱ ሁሉ)



ከጥቂት ሳምንታት በፊት በውስጥ መስመር ረዘም ያለ መልዕክት ደረሰኝ። የጻፉልኝ አሜሪካ የሚኖሩ አንድ አባት ናቸው። ማንነታቸውን የሚያሳይ ነገር አውጥቼ፣ በፈቃዳቸው ላካፍላችሁ፦

"ዶክተር ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ እዚህ አገር ከገባን 27 ዓመት ሆነን። ከዚህ ውስጥ 19ኙን ዓመት የኖርኩት ከባድ መኪና እየነዳሁ ነው። አሁን 61 ዓመቴ ነው። ልጆች ተምረው ወጡ፤ እኛም ቤቱን ሸጥንና አርቪ ገዛን። ከእንግዲህ የቤት ዕዳ የለ፣ ኪራይ የለ፤ በረሃውንም ጫካውንም እያየን ልንኖር ነው። እኔ ስኳር አለብኝ፣ ኢንሱሊን እወጋለሁ። ባለቤቴ ደም ግፊት አለባት። ልጆቹ 'ድብ ይበላችኋል፣ እባብ ይነድፋችኋል' እያሉ ያስፈራሩናል። እስቲ አንተ ምን ትለናለህ ልጄ?"

እኔም መለስኩላቸው፦ "ጋሼ፣ ድቡን ለጊዜው እንተወውና አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ቡና የምታፈሉት በምንድነው?"

"በከሰል ነዋ! ባለቤቴ በጋዝ የፈላ ቡና ቡና አይሸተኝም ትላለች። ብርድ ሲሆን ምድጃውን ወደ ውስጥ እናስገባዋለን።"

የዛሬው ጽሑፍ የመጣው ከዚህች መልስ ነው። አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን ወይም ጎንደር ሆናችሁ "ዶክተር፣ እኛ አርቪ የለን፣ ምን አገባን?" የምትሉ ደግሞ ትንሽ ታገሱኝ። ወሬው የሩቅ አገር ይምሰል እንጂ አደጋው በየቤታችን ያለ ነው።

■ ለመሆኑ ይሄ ኑሮ ምንድነው?

አርቪ ማለት አልጋ፣ ኩሽና፣ ሽንት ቤትና የውሃ ታንከር የተገጠመለት ቤት-መኪና ነው። አንዳንዱ ራሱ ሞተር አለው፣ አንዳንዱ በሌላ መኪና ይጎተታል። አሜሪካ ውስጥ ቤታቸውን ለቀው ዓመቱን ሙሉ በዚህ የሚኖሩ ብዙ ሰዎች አሉ። ጡረተኞች አሉ፣ በኢንተርኔት የሚሰሩ ወጣቶች አሉ፣ የቤት ኪራይ አልቻል ብሏቸው የገቡበትም አሉ። በ2021 የኦስካር ምርጥ ፊልም ሽልማትን ያገኘው "ኖማድላንድ" የሚያሳየው የእነዚህን ሰዎች ኑሮ ነው።

የት ያድራሉ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገርመው። በአሜሪካ ምዕራባዊ ግዛቶች እጅግ ሰፊ የሕዝብ መሬት አለ። ቢኤልኤም በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው የመሬት አስተዳደር ቢሮ ብቻውን 245 ሚሊዮን ኤከር ገደማ ያስተዳድራል። ወደ ሄክታር ስንቀይረው 100 ሚሊዮን ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው። ከሌላ መስሪያ ቤት ስር ያሉ ብሔራዊ ደኖች ደግሞ አሉ። ከእነዚህ መሬቶች በብዙዎቹ ላይ ማንም ሰው መኪናውን አቁሞ በነጻ ማደር ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ገደቡ በ28 ቀን ውስጥ 14 ቀን ነው፤ ከዚያ ቦታ መቀየር ግድ ይላል። ክረምቱን አንድ ቦታ ማሳለፍ ለሚፈልጉ ደግሞ ቢኤልኤም አሪዞናና ካሊፎርኒያ በረሃ ላይ፣ ከሴፕቴምበር 15 እስከ ኤፕሪል 15፣ በአነስተኛ ክፍያ ለወራት የሚቆይባቸው ቦታዎች አሉት። በአሪዞና ኳርትዝሳይት የምትባለው ከተማ በበጋ ጥቂት ሺህ ሰው ብቻ የሚኖርባት ናት፤ ክረምት ሲገባ ግን ዙሪያዋ በአርቪ ይሞላል።

ታዲያ በነጻ ሲባል የመብራት መስመር የለም፣ የቧንቧ ውሃ የለም፣ ፍሳሽ የለም ማለት ነው። መብራት ከሶላርና ከባትሪ ወይም ከጄኔሬተር፣ ሙቀትና እሳት ከጋዝ ሲሊንደር፣ ውሃ ከታንከር። ሐኪም ቤት ደግሞ አንዳንዴ የሰዓታት መንገድ።

ያምራል? አዎ ያምራል። ሰማዩ፣ ጸጥታው፣ የእግር ጉዞው ለጭንቀትም ለደም ግፊትም ጥሩ ነው። ከሂደቱ ጋር አትሂዱ ልል አልመጣሁም። ግን ከከተማ ስንርቅ የሚጎዳን አብዛኛውን ጊዜ ውጭ ያለው አውሬ አይደለም። ከቤት ይዘነው የሄድነው ነገር ነው፦ እሳታችን፣ መድኃኒታችን፣ ልማዳችን።

■ የማይታየው፣ የማይሸተው ገዳይ

ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ሆኜ በሰራሁባቸው የክረምት ሌሊቶች፣ ከሁሉም በላይ አዕምሮዬ ላይ የቀረች አንዲት እናት አለች። ንጋት ላይ ሁለት ልጆቿን ይዛ መጣች። ትልቁ ልጅ ያስመልሰዋል። ትንሿ ትንቀላፋለች፣ ስትጠራ ዓይኗን ገልጣ መልሳ ትከድናለች። እናትየዋ ራሷ ግድግዳ ይዛ ነው የምትቆመው። "ማታ ከሰል ነበር?" ስላት ምን አለችኝ መሰላችሁ? "ነበር ዶክተር፤ ግን እኮ ጭሱ ካለቀ በኋላ ነው ያስገባሁት!"

ሦስቱም ተረፉ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ያቺን "ጭሱ ካለቀ በኋላ ነው ያስገባሁት" የምትል ንግግር ግን ከዚያ በኋላ ከስንት ሰው እንደሰማኋት አትጠይቁኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰል ሲቀጣጠል ያጨሳል፣ ዓይን ያቃጥላል፤ ስለዚህ ሰው ውጭ ያቆየዋል። ፍም ሲሆን ጭሱ ይጠፋል፣ ደስ የሚል ሙቀት ይሰጣል፣ ሰውም ወደ ቤት ያስገባዋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ግን አሁንም እየወጣ ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ አያስነጥስም፣ አያስለቅስም። ጭሱ ቢያንስ ያስጠነቅቃችሁ ነበር፤ ፍሙ ግን ዝም ብሎ ነው የሚገድለው።

ሰውነት ውስጥ ምን ያደርጋል? ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን የሚባል ነገር አለ። ታክሲ በሉት፤ ኦክስጅን ተሳፋሪው ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከዚህ ታክሲ ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ወንበሩን ይይዝና አልወርድም ይላል። ትተነፍሳላችሁ፣ ሳንባችሁ ይሰራል፣ ልባችሁ ይመታል፤ አንጎልና ልብ ጋ የሚደርሰው ኦክስጅን ግን እያነሰ ይሄዳል።

አሁን ወደ አርቪው እንመለስ። 8 ሜትር ርዝመት፣ 2 ሜትር ተኩል ስፋት ያለው፣ ብርድ እንዳያስገባ ጥርቅም ተደርጎ የተዘጋ ሳጥን አስቡ። እዚያ ውስጥ የከሰል ምድጃ ማስገባት ማለት ጋዙን በትንሽ ጠርሙስ ውስጥ አምቆ እዚያው መተኛት ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ከቃጠሎ አደጋ ውጭ በድንገተኛ የካርቦን ሞኖክሳይድ መመረዝ በየዓመቱ ከ400 በላይ ሰዎች ይሞታሉ፤ ከ100,000 በላይ ደግሞ ድንገተኛ ክፍል ይሄዳሉ። ያውም መሳሪያውም ማስጠንቀቂያውም በሞላበት አገር።

ጋሼን ጠየቅኳቸው፦ "ቡናውን ውስጥ ካፈላችሁ በኋላ ያመማችሁ ነገር ነበር?" ትንሽ ቆይተው መለሱልኝ።

"አሁን ስትለኝ ትዝ አለኝ። ፍላግስታፍ አጠገብ ጫካ ውስጥ ያደርን ዕለት ባለቤቴን ራሷን ፈለጣት፣ አስመለሳት። እኔም ከብዶኝ ነበር። ቦታው ከፍታ ነው ሲሉን የከፍታ ነው ብለን አለፍነው። ጠዋት ወጣ ብለን ስንራመድ ተሻለን።"

ፍላግስታፍ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የከፍታ ሕመም ነው ብሎ ማሰብ ሞኝነት አይደለም። ግን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ደግማችሁ አንብቡ፦ "ወጣ ብለን ስንራመድ ተሻለን።" የከፍታ ሕመም በር ከፍቶ በመውጣት አይሻልም፤ ውጭውም ያው ከፍታ ነው። ቤት ውስጥ ሲሆኑ የሚያም፣ ውጭ ሲወጡ የሚሻል ራስ ምታት ካለ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሁለት ሰው አብሮ መታመሙ ደግሞ ሌላ ፍንጭ ነው። ያቺ ሌሊት ትንሽ ረዘም ብትል ኖሮ ይህን መልዕክት ማን ይጽፍልኝ ነበር?

👉 ምልክቶቹ፦ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ድካም፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ የደረት ሕመም፣ ግራ መጋባት። ጉንፋን የያዘን ወይም የበላነው ምግብ ያልተስማማን ይመስለናል። ሰውየው ጠጥቶ ወይም ተኝቶ ከሆነ ጭራሽ ምልክቱን ሳያውቀው ሊሞት ይችላል።

👉 አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ብዙዎቻችሁ ከኮቪድ ጊዜ ጀምሮ ጣት ላይ የሚደረገውን የኦክስጅን መለኪያ ገዝታችኋል። እዚህ ላይ እንዳታምኑት! መለኪያው ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ደም ኦክስጅን ከያዘው አይለይም። ሰውየው እየታፈነ "98" ሊያሳያችሁ ይችላል።

👉 ሲያጋጥም ምን ይደረግ?

1. መጀመሪያ ሰውን ሁሉ ወደ ውጭ፣ ወደ ንጹህ አየር። ምክንያቱን ለማጣራት ውስጥ አትቆዩ።
2. አሜሪካ ከሆናችሁ 911፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆናችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ።
3. ወተት ማጠጣት፣ ሽንኩርት ማሽተት፣ ውሃ መርጨት መርዙን ከደም አያወጣም። የሚያወጣው ኦክስጅን ነው። ተራ አየር እየተነፈስን መርዙ በግማሽ እስኪቀንስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል፤ ሐኪም ቤት በማስክ 100% ኦክስጅን ሲሰጥ ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ይወርዳል።
4. "ተሻለኝ" ብላችሁ አትቅሩ። አንዳንድ ሰው ላይ የመርሳት፣ የባሕርይ መለወጥና የመሳሰሉት ችግሮች ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ይመጣሉ። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ጽንሱ ከእሷ ይበልጥ ሊጎዳ ስለሚችል፣ ምልክቱ ቀላል ቢሆንም መታየት አለባት።

👉 እንዳያጋጥም ምን ይደረግ?

✅ ከሰል በምንም ተዓምር ወደ ውስጥ አይገባም። ፍም ሆነ፣ ረመጥ ሆነ፣ "ሊጠፋ ነው" ተባለ፣ አይገባም።
✅ ጄኔሬተር ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ፤ የጭስ ማውጫው ወደ በርና መስኮት አይዙር። ተጠጋግታችሁ ከቆማችሁ የጎረቤት ጄኔሬተርም ያው ነው።
✅ የጋዝ ምድጃ ምግብ ማብሰያ እንጂ ቤት ማሞቂያ አይደለም። ስታበስሉ መስኮት ከፈት፣ የጣሪያውን ማራገቢያ ማስነሳት።
✅ አርቪው አብሮት የተሰራ፣ ጭሱን ወደ ውጭ የሚያወጣ ማሞቂያ አለው፤ እሱን በየዓመቱ አስመርምራችሁ ተጠቀሙ። በተረፈ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ካልሲ፣ ጋቢ።
✅ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲኖር የሚጮህ መሳሪያ መኝታው አጠገብ ይሰቀል። ዋጋው ከአንድ እራት ግብዣ አይበልጥም። ከጀርባው የሚያበቃበት ዓመት ተጽፏል፤ ብዙዎቹ ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው የሚያገለግሉት። የጋዝ ሲሊንደር ጋዝ ደግሞ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ነው የሚተኛው፤ የእሱ ማስጠንቀቂያ ዝቅ ብሎ ይገጠማል። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፣ አንዱ ያለው ሌላውንም ያረጋግጥ።

አዲስ አበባ ያላችሁ፣ ይሄን ዝርዝር ስታነቡ "አርቪ" የሚለውን "አንድ ክፍል ኪራይ ቤት" ብላችሁ ተኩት። አንድም የሚቀየር ነገር የለውም። መብራት ሲጠፋ በረንዳ ላይ የሚነሳው ጄኔሬተርም እንደዚሁ።

■ ኢንሱሊንና ክኒን በረሃ ላይ

ጋሼ ኢንሱሊን እንደሚወጉ አትርሱ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሲየስ፣ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል። የተከፈተው አብዛኛው ዓይነት ከ30 ዲግሪ በታች እስከ 28 ቀን ይቆያል፤ የእናንተን ዓይነት ግን ከማሸጊያው ላይ አንብቡ። የቆመ መኪና ደግሞ ፀሐይ ላይ በ10 ደቂቃ ብቻ በ11 ዲግሪ ገደማ ሊሞቅ ይችላል። ስለዚህ ኢንሱሊንን ዳሽቦርድ ላይ መተው እንደ ማብሰል ነው። ያጠቃው ኢንሱሊን መልኩ ላይቀየር ይችላል፤ የሚታወቀው ስኳራችሁ ያለ ምክንያት ሲወጣ ነው።

በአርቪ ፍሪጅም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በጋዝ የሚሰራው ዓይነት መኪናው ዘንበል ብሎ ከቆመ በደንብ አያቀዘቅዝም። ስለዚህ ትንሽ ቴርሞሜትር ውስጡ አስቀምጡ። ማቀዝቀዣው ግድግዳ አጠገብም አታስጠጉት፤ አንዴ በረዶ የሰራ ኢንሱሊን ይጣላል እንጂ አይቀልጥም።

ፍሪጁ ቢበላሽስ? አያቶቻችን ውሃ በእንስራ የሚያቀዘቅዙበትን ዘዴ አስታውሱ። የሸክላው ላብ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በደረቅ በረሃ ውስጥ ይህ ዘዴ በጣም ይሰራል። ኢንሱሊኑን ውሃ በማያስገባ ላስቲክ አድርጎ፣ እርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ ሸክላ ውስጥ፣ ጥላና ንፋስ ያለበት ቦታ ማስቀመጥ እስከሚቀጥለው ከተማ ያደርሳል።

ሌላው፣ ሙቀት ሲሆን የተወጋ ኢንሱሊን ቶሎ ይሰራጫል፤ ስኳር ድንገት ሊወርድ ይችላል። መሪ ከመጨበጥ በፊት ይለኩ። ከረሜላ ወይም ጭማቂ ከኋላ ሳጥን ውስጥ ሳይሆን እጅ የሚደርስበት ቦታ ይሁን። እግርዎንም በየማታው ይዩት፤ በረሃ እሾህ አለው፣ የስኳር ሕመምተኛ እግር ደግሞ ላይሰማው ይችላል።

እትዬ የሚወስዱት የግፊት መድኃኒት ውሃ የሚያሸና ከሆነ ሙቀት ላይ ከሰውነት ብዙ ውሃ ይወጣል። ተነስተው ሲቆሙ ማዞር ካለ ለሐኪማቸው ይደውሉ። መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቆም ግን የለም።

■ ውሃ፦ ስንት? ከየት?

በረሃ ላይ የሚመከረው ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ገደማ ነው። ለሁለት ሰው ለ14 ቀን 112 ሊትር፣ ለመጠጥና ለምግብ ብቻ። "ሲጠማኝ እጠጣለሁ" አይሰራም፤ ዕድሜ ሲገፋ የጥም ስሜት ይቀንሳል። ቡና ውሃን አይተካም፣ ሦስተኛውም ቢሆን! (በረካን ጠጥታችሁ "ዶክተር ፈቀደልን" እንዳትሉ።) ልብና ኩላሊት ላይ ችግር ኖሮባችሁ "ውሃ ቀንሱ" የተባላችሁ ግን ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ።

የሰውነት ሙቀት 40 ደርሶ ሰውየው መቀባጠር፣ መደናገር ወይም መውደቅ ከጀመረ ይሄ የሙቀት ስትሮክ ነው። 911 ደውሉ፤ እስኪመጡ ድረስ ልብሱን አውልቃችሁ ውሃ አፍስሱበት፣ አራግቡለት። ግራ የተጋባ ሰው አፍ ውስጥ ውሃ አታፍሱ።

የምንጭ ውሃ ጥርት ቢልም ጃርዲያ ሊኖርበት ይችላል። ማፍላት ነው። ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ በቂ ነው፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ 3 ደቂቃ። ምክንያቱም ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው ዝቅ ባለ ሙቀት ነው። አዲስ አበባም ከ2,000 ሜትር በላይ ናትና ይሄ ለእናንተም ይሰራል።

የሽንት ቤት ታንከርን ደግሞ መሬት ላይ መልቀቅ ሕገ ወጥም ነው፣ ነገ ለሚመጣው ሰውም በሽታ ነው። ለዚህ የተዘጋጁ ማስወገጃ ጣቢያዎች አሉ። ሜዳ ላይ መጸዳዳት ግድ ካለ ከውሃ 60 ሜትር ርቆ፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ቆፍሮ መቅበር።

■ አቧራና አይጥ

ሁለቱን በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ግን አትናቋቸው።

የመጀመሪያው ቫሊ ፊቨር የሚባለው ነው። በአሪዞናና በካሊፎርኒያ አፈር ውስጥ የሚኖር ፈንገስ ከአቧራ ጋር ወደ ሳንባ ገብቶ ያመጣዋል። ሳል፣ ትኩሳት፣ ከባድ ድካም፣ አንዳንዴም የመገጣጠሚያ ሕመም፤ ከ1 እስከ 3 ሳምንት በኋላ ይጀምራል። ብዙ ሰው በራሱ ይድናል። ነገር ግን ጥቁር ሕዝቦችና የስኳር ሕመምተኞች ላይ በሽታው የመክበድ ዕድሉ ከፍ ይላል። ጋሼ ሁለቱንም ናቸው። ሌላ አካባቢ ያለ ሐኪም ሳንባ ምች ነው፣ ወይም ከኢትዮጵያ ስለመጣችሁ ቲቢ ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። ስለዚህ ሳል ይዟችሁ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ "አሪዞና በረሃ ነበርኩ" የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ጨምሩ። ንፋስ አቧራ ሲያነሳ ገብቶ መስኮት መዝጋት ነው፤ እሳት ካለ ግን ከላይ ያልኩትን አትርሱ!

ሁለተኛው ሃንታ ቫይረስ ነው። በ1993 አሪዞና፣ ኒው ሜክሲኮ፣ ኮሎራዶና ዩታ በሚገናኙበት አካባቢ ነው አሜሪካ ውስጥ በመጀመሪያ የታወቀው። የሚመጣው ከሜዳ አይጥ ሽንትና ፍግ ነው። ብዙ ጊዜ አይይዝም፤ ከያዘና ሳንባን ካጠቃ ግን ከ10 ሰው ወደ 4 የሚጠጋ ይገድላል። ቆሞ የከረመ አርቪ ደግሞ ለአይጥ ጥሩ ቤት ነው። ፍግ ካያችሁ በመጥረጊያ አትጥረጉ፣ በቫኩምም አትሳቡ፤ አቧራው ይነሳል። መጀመሪያ አየር አስገቡ፣ ጓንት አድርጉ፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ በደንብ አርሱት፣ 5 ደቂቃ ጠብቃችሁ በወረቀት ጥረጉት።

■ ርቀት ራሱ በሽታ ነው

ልብ ድካም ሲይዝ፣ ስትሮክ ሲመታ ወሳኙ ደቂቃ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል አስፋልት የሌለው መንገድ ላይ ስትሆኑ ይሄን አስቡት። አትሂዱ አልልም፤ ተዘጋጅታችሁ ሂዱ።

📌 የምታድሩበትን ቦታ የካርታ ቁጥር በየምሽቱ ለልጆቻችሁ ላኩ። 911 ስትደውሉ "አንድ ትልቅ ዛፍ አጠገብ" አያዋጣም።
📌 ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ብዙ ነው። ከአይፎን 14 ጀምሮ ያሉት በሳተላይት የድረሱልኝ መልዕክት መላክ ይችላሉ። ከመሄዳችሁ በፊት አሰራሩን ተለማመዱት።
📌 መድኃኒት የ90 ቀን ይዛችሁ፣ በየግዛቱ ቅርንጫፍ ካለው ፋርማሲ አድርጉ። የመድኃኒት ዝርዝር፣ አለርጂ፣ የሕመም ታሪክ በእንግሊዝኛ በአንድ ወረቀት ተጽፎ በሩ አጠገብ ይለጠፍ።
📌 ኢንሹራንሳችሁን ጠይቁ። ብዙዎቹ ከግዛታችሁ ውጭ ድንገተኛ ሕመምን ይሸፍናሉ፣ መደበኛ ክትትልን ግን ላይሸፍኑ ይችላሉ። ሜዲኬይድ በግዛት የተወሰነ ነው። ሜዲኬር ደግሞ በመደበኛው በ65 ዓመት ነው የሚጀምረው፤ ጋሼ 4 ዓመት ይቀራቸዋል። ቤት ሽጣችሁ አድራሻ ከመቀየራችሁ በፊት ይሄን ጨርሱ። ግን ነፍስ ላይ ሲመጣ በገንዘብ ምክንያት እንዳትቀሩ፦ ከ1986 ጀምሮ ባለ ሕግ ድንገተኛ ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎች ክፍያ ሳይጠይቁ መርምረው የማረጋጋት ግዴታ አለባቸው።
📌 ብቸኝነትም በሽታ ነው። ሰንበት ሲመጣ ሰው የምታገኙበትን ከተማ በመንገዳችሁ ላይ አስገቡ።

■ ጋሼ ምን አሉ?

ይሄን ሁሉ በድምፅ ላኩላቸው። ከቀናት በኋላ መለሱልኝ፦

"ልጄ፣ የሚጮኸውን መሳሪያ ስፈልግ አርቪው ውስጥ አንድ አገኘሁ። የገዛንለት ሰው ባትሪውን አውጥቶት ነበር። ያገለገለበትን ዓመት ሳየው አልፎበታል። ሁለት አዲስ ገዝቼ ሰቀልኩ። እትዬህ መጀመሪያ አኮረፈች፤ አሁን ምድጃዋን ውጭ በጥላው ስር ዘርግታለች። ቡናው ሲቆላ ጎረቤት የቆሙት ፈረንጆች ሽታው ጎትቷቸው ወንበር ይዘው መጡ። ሦስተኛውን አብረን ጠጣን።"

እኔም አንድ ነገር ብቻ ጨመርኩ፦ "ጋሼ፣ በደረቅ ወቅት እሳት የሚከለከልበት ጊዜ አለ፤ ያኔ ከሰልም ውጭም ቢሆን ይከለከላል። መዝጊያ ያላት የጋዝ ምድጃ ግን ብዙ ጊዜ ትፈቀዳለች። ለዚያ ቀን እትዬ ይታገሱን።"

ቤተሰብ፣ የዛሬውን በአንድ መስመር ልዝጋው፦ ጭሱ አለቀ ማለት መርዙ አለቀ ማለት አይደለም። ይህን ዛሬ ማታ ለአንድ ሰው ንገሩ። ብርድ ስለሆነ ከሰል አስገብታ ለምትተኛ ጎረቤት፣ ለተከራይ ተማሪ፣ ለጥበቃ ሰራተኛው፣ መንገድ ላይ ለሚያድር ሹፌር ወንድማችሁ። ሼር ስታደርጉ የማታውቁትን ሰው ሌሊት ታተርፉ ይሆናል።

እናንተስ ከሰል አፍኗችሁ ያውቃል? ምን ተሰማችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ አነባለሁ።

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ ነው፤ የራሳችሁን ሐኪም አይተካም።

ጤናና ሰላም ለሁላችሁ!